የሰባት ሰዓቱ መስሪያ ቤት

መስሪያ ቤት ሲባል እናንተ ምን ይታያችኋል? እኔ ኮት ይታየኛል። ወንበር ላይ የተንጠለጠለ፣ ባለቤቱ የት እንደሄደ የማይታወቅ፣ ዘበኛው «አሁን እዚህ ነበሩ» የሚልለት ኮት። ጉዳዬን ለዚያ ኮት አስረድቼ የተመለስኩባቸውን ቀኖች ብደምራቸው፣ ያለፈው ዕድሜዬ ይመለስልኝ ብዬ አቤት ማለት ነበረብኝ፤ ለሱም ማመልከቻ ያስፈልጋል። እና አንድ ቀን ሰዎች መጥተው «መስሪያ ቤቱ አየር ላይ ወጥቷል፣ በስልክህ ግባ» ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ ሳቅሁ። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት።

ለመሳቅ ምክንያት ነበረኝ። ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ጅቡቲ ከተማ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ሚኒስቴሮቹ ከተሰለፉበት መንገድ ዳር ጠረጴዛዬን ዘርግቼ፣ ፈረንሳይኛ ለማያነቡ ያገሬ ልጆች በፈረንሳይኛ እማጸንላቸዋለሁ። ዝም ብሎ መጻፍ እንዳይመስላችሁ! ከላይ ሰላምታ፣ ቀጥሎ የጤና ጥያቄ፣ ከዚያ የአመልካች የሕይወት ታሪክ፣ ከዚያ ጉዳዩ፣ መጨረሻ ላይ ሆድ የሚያባባ ስንብት። አንዳንዱ ደንበኛ የጻፍኩትን በአማርኛ ሳነብለት በራሱ ታሪክ ያለቅሳል። መልሱ ግን ሁልጊዜ በአፍ ነው፤ «ነገ ና» ይባላል። ሃያ ዓመት ስጽፍ አንዲትም ደብዳቤዬ በጽሑፍ መልስ አግኝታ አታውቅም።

ታዲያ ከተማዋ በየአደባባዩ ነጭ ሳጥን የተሸከመ ምሰሶ ማቆም ጀመረች። ከሥሩ የቆመ ሁሉ ያለ ክፍያ ኢንተርኔት ያገኛል ተባለ። መስሪያ ቤቶቹም ተራ በተራ ስልክ ውስጥ ገቡ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ከዝንብ በቀር የሚያርፍ ጠፋ። ምን ላድርግ? ጠረጴዛዬን ተሸክሜ ወደ አርሂባ ሰፈር፣ ወደ ምሰሶው ወረድኩ። እዚያ ያየሁትን አልረሳውም። የወደብ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ወደ የመን ለመሻገር ቀን የሚጠብቁ ወጣቶቻችን፣ ሁሉም አንድ ብረት ከበው ቆመዋል። ወጣቶቹ የእናታቸውን ፊት መዳፋቸው ላይ ይዘው «ሥራ ይዘናል፣ አታስቢ» ይላሉ። ሳቄ እዚያው ላይ ቆመ።

ብርቄን ያገኘኋት እዚያ ነው። ፕላቶ አንዲት ማዳም ቤት፣ እዚያው እያደረች ስትሠራ ስምንት ዓመቷ ነው። ነፃ የምትሆነው ማዳም ምሳ በልታ ጋደም ስትል፣ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው። የጅቡቲን ሰባት ሰዓት ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ፀሐይ አናት የሚበሳበት፣ መስሪያ ቤት የሚዘጋበት፣ ጫት ከኢትዮጵያ የሚገባበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ብርቄ በስምንት ዓመት ውስጥ የተከፈተ መስሪያ ቤት አይታ አታውቅም። የመኖሪያ ፈቃዷን የሚያድስላት የማዳም ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ማዳም «አሁን በስልክ ሆኗል፣ ራስሽ ጨርሺው» አለቻት።

ጉዳዩ የሚቀለድበት አልነበረም። የመጀመሪያ ልጇ ሰናይት እሑድ ድሬዳዋ ላይ ልትዳር ነው። ስምንት ዓመት በስልክ ያሳደገቻት ልጅ! ፈቃዱ ሳይታደስ ከወጣች መመለሻ የላትም፤ ካልተመለሰች የታናናሾቹን ትምህርት የሚከፍል የለም። ከቀረች ደግሞ ሰናይትን ሌላ ሴት ትሸኛታለች።

ሰኞ በሰባት ሰዓት መጣች። የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወረቀቶቿን በፕላስቲክ አቅፋ።

«ለምሰሶ ነው ይሄ ሁሉ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ መስሪያ ቤት እኮ ነው የመጣሁት!»

ገጹ አልከፈት አለ። መሐሉ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች። ለምን አትሽከረከር? ምሰሶው አጠገብ ጫት የምትሸጠው ፋጡማ ባዶ ጠረጴዛዋ ፊት ተቀምጣለች፤ ጫት ጠባቂው ሁሉ በጉጉት እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ስልኩን ይነካካል። ኔትወርኩን ተካፍለው ጨርሰውታል። በዚህ መሐል የጫት መኪናው ጡሩምባ ተሰማ። ሰው ሁሉ ስልኩን ኪሱ ከቶ ተነሥቶ ሮጠ። ክቧ ቆመች። ገጹ ተከፈተ!

እግዚኦ! ስሟን ሰጠን፣ ተቀበለ። ኢሜይል ሲል የኔን ሰጠሁ፣ ተቀበለ። የድሮ ፈቃዷን በፎቶ ሰጠን፣ ተቀበለ። ወደ ብርቄ ስልክ የምስጢር ቁጥር ላከ፣ እሱንም ሰጠን። ኮት የለ፣ ዘበኛ የለ፣ «ነገ ና» የለ። የቀረው «ላክ» የምትለውን መንካት ብቻ ሲሆን፣ ከበላይዋ አንድ ባዶ ሳጥን አየሁ፤ ተጨማሪ ሐሳብ ካለዎት ይጻፉ ይላል። እንግዲህ እንደኔ ያለ ሰው ባዶ ሳጥን አይቶ ያልፋል? እጅጌዬን ሰብስቤ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ አልበቃም?»

«ቆይ እንጂ፣ ገና ጤናቸውን እየጠየቅሁ ነው።»

«የማንን ጤና?»

ጤናቸውን ጨርሼ ወደ ታሪኩ ገባሁ። ስምንቱን ዓመት ጻፍኩ፣ ሰናይትን ጻፍኩ፣ ስንብቱ ላይ ስደርስ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቀና ስል ሰዉ ጫቱን ታቅፎ ተመልሷል፤ በየጥላው ጋደም ብሎ ስልኩን ከፍቷል። «ላክ»ን ነካሁ። ክቧ መሽከርከር ጀመረች፤ ቆይታ «ጊዜዎ አልቋል፣ እንደገና ይጀምሩ» አለች።

ብርቄ ስልኩን አየች፣ እኔን አየች። ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ፕላስቲኳን አቅፋ ወደ ማዳም ቤት ሮጠች። ስድብ ብታወርድብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ መጣች። «ጋሼ፣ ይቅርታዎን፣ ዛሬ ሰላምታው ይቅርብን» አለች። ለፋጡማ ነገሩን አስረድቻት ስለነበር መንገዱን ትጠብቅልን ነበር። «ያላ! መጣ! ቶሎ በል!» ብላ ጮኸች። ሰዉ ሮጠ፣ ገጹ ተከፈተ፣ ሞላን፣ ሳጥኑ ጋ ደረስን። ባዶውን ተውኩት። ገበያ መሐል ሱሪዬ የወለቀ ያህል አፈርኩ፤ ግን ላክሁት።

ሐሙስ፣ በዚያው ሰዓት፣ ፈቃዱ ስልኳ ላይ ወረደ። ከሰማይ ነው የምላችሁ! ከየት መጣ ልበል ታዲያ?

«ማኅተሙስ?» አለች ብርቄ።

«ይቺ በስልክ የምትነበበው፣ ባለ ነጠብጣብ አራት ማዕዘኗ ናት ማኅተሟ።»

«ክብ አይደለችም እኮ!»

ፋጡማ፣ የሷም ልጅ በስልክ ያወጣችው ወረቀት እንዲህ እንደሆነ ምላ ተገዝታ አሳመነቻት። ያን ጊዜ ብርቄ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ወደ ምሰሶው ሄደች፤ ግንባሯን አስነክታ ተሳለመችው። በሰባት ሰዓት ያ ብረት እንዴት እንደሚያቃጥል አውቃለሁ። አልሳቅሁም። ፋጡማም አልሳቀችም፤ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ቅዳሜ ማዳምን አስፈቅዳ በባቡር ሄደች። እሑድ ፎቶ ላከችልኝ። ሰናይት ቬሎ ለብሳ፣ እናቷ ከጎኗ፣ ያንኑ የመስሪያ ቤት ቀሚስ ለብሳ። ያቺን ፕላስቲክ ሰርጉ ላይም አልለቀቀቻትም፤ ብብቷ ሥር ይዛታለች።

ሰኞ ደግሞ በሞላሁት ኢሜይሌ ከመስሪያ ቤቱ አንድ ነገር መጣ። «አገልግሎታችንን እንዴት አገኙት?» ይላል። ከሥሩ ባዶ ሳጥን። የጊዜ ገደብ የለው፣ ጫት የሚጠብቅ ተሻሚ የለው! ጠረጴዛዬን ጠጋ አድርጌ ሁሉንም ጻፍኩ። ሰላምታውን፣ ጤናቸውን፣ ስምንቱን ዓመት፣ ሰርጉን፣ ስንብቱን። ላክሁት። ጣቴን ሳላነሳ መልስ መጣ፤ «መልእክትዎ ደርሶናል። እናመሰግናለን።»

ማሽን ነው የመለሰልህ ትሉኛላችሁ። አጣሁት እንዴ? ግን ሃያ ዓመት ጽፌ የመጀመሪያ መልሴ ነው። ወረቀት ላይ አሳትሜ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።