የአያ ደረበ ከብቶች ስንት ናቸው?

መቁጠር ቀላል ነገር ይመስላችኋል? ለእኔም ይመስለኝ ነበር። በልጅነታችን በጣታችን ቆጠርን፤ ጣት ሲያልቅ በጠጠር፤ ጠጠሩም ሲያልቅ “ብዙ” ብለን ተውነው፣ ማንም አልከሰሰንም። ፎገራ ሜዳ ላይ ግን ሰው ሁሉን ቢቆጥር ከብቱን አይቆጥርም። የተቆጠረ ከብት ይጎድላል ይባላል፤ ዓይን ያየዋል፣ በሽታ ይመርጠዋል። ታዲያ አንዷ ብትጠፋ በምን ይታወቃል ትሉኝ ይሆናል። እናንተስ ልጆቻችሁ ለራት ሲቀርቡ አንድ፣ ሁለት እያላችሁ ትቆጥራላችሁ? የጎደለውን በፊቱ ታውቁታላችሁ እንጂ። ከብትም በስሙ ይታወቃል፤ ሲመለስ በስሙ ይጠራል፣ ያልመጣው ይፈለጋል።

ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ስታትስቲክስ ልማር የገባሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳትሉኝ፣ ቸግሮኛል። ወረታ ከተማ ውስጥ አንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ሚዛን ላይ ቆሜ የምውል ሴት ነኝ፤ አቧራው ሳንባዬን ሊጨርሰው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ገበሬውን በከብት እርባታ የሚረዳ፣ ዲፕሎማ ያለው ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ እስከ ሐምሌ ከተመረቅሁ ቦታው የእኔ ነው። ቅዳሜና እሁድ ስማር ከርሜ የቀረኝ አንድ ትምህርት ብቻ ነበር፤ የስታትስቲክስ መግቢያ። በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ከወደቅሁ ሥራው ለሌላ ይሄዳል።

መምህራችን ናሆም ይባላል። ከሩቅ ከተማ የመጣ፣ ጨዋ፣ ሰዓት አክባሪ ወጣት ነው፤ ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል። አማካይ ምን እንደሆነ ሲያስረዳን “አንድ ቤተሰብ በአማካይ ሁለት ከግማሽ ላም አለው እንበል” አለ። ክፍሉ ሁሉ ጻፈ። እኔ እጄን አውጥቼ ግማሿ ላም የፊቷ ናት ወይስ የኋላዋ ብዬ ጠየቅሁ፤ ለሚያልባት ሰው ልዩነት አለዋ! “ላሟ ሐሳብ ናት” አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ ያሉት ሰዎች ለካ ስታትስቲክስ ተምረው ኖሯል።

እንዲያው ስላሾፍኩ ትምህርቱን የጠላሁት አይምሰላችሁ። ወድጄዋለሁ። ናሙና ማለት አንድ ጭልፋ ቀምሶ በድስቱ ሁሉ ላይ መፍረድ ነው፤ ይህንንማ ሳያስተምሩኝም አውቀው ነበር፣ ስሙን ነው ያላወቅሁት። ያልወደድኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ አፈንጋጭ። ከጓደኞቹ ርቆ ብቻውን የቆመ ቁጥር አፈንጋጭ ይባላል፤ ተጠራጥረውት፣ አንዳንዴም ሰርዘውት ያልፋሉ። ቁጥሩ ምን እንደበደለ የሚጠይቀው የለም።

ግንቦት ላይ የቤት ሥራ ተሰጠን። እያንዳንዳችን አሥር ቤት ሄደን በየቤቱ ስንት ከብት እንዳለ ጠይቀን አማካዩን እንድናወጣ ታዘዝን። የክፍሌ ልጆች ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ገበሬው ደጃፍ ላይ ቆሙና “ስንት ከብት አለዎት?” አሉ። መልሱ በየደጁ አንድ ነበር፤ “ጥማድ ናት ልጄ።” ጥማድ ማለት እንግዲህ ለአንድ ቀንበር የሚበቃ ሁለት በሬ ነው። ከጥማድ ያነሰ ብትል ደሀ ትባላለህ፣ ከጥማድ የበለጠ ብትል ዓይን ውስጥ ትገባለህ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ጠያቂ ሁሉ በጥማድ ይሸኛል። ልጆቹም ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ብለው ጽፈው መጡ። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ፣ ማለት ቁጥሮቹ ከአማካዩ የሚርቁበት ልክ፣ ዜሮ ሆነ። መምህር ናሆም እንዲህ ያለ ንጹሕ ዳታ አይቼ አላውቅም ብሎ ተደሰተ።

እኔ እንደነሱ አላደረግሁም። ለከብቶች ጨው ቋጥሬ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የእናቴ ዘመዶች መንደር ሄድኩ። መጀመሪያ የገባሁት አያ ደረበ ቤት ነው፤ ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ውኃ ሲለብስ የጎረቤቱን ከብት ሁሉ እየነዱ ደረቅ መሬት የሚያወጡ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። እህል ቀርቦልኝ በላሁ። ከዚያ ከብቶቹ እንዴት ከረሙ አልኳቸው፣ በየስማቸው። ሰውየው ፊታቸው በራ። ቡሬ ቀንዱ ተጎድቶ እንደዳነ፣ ወይኖ አመለኛ እንደሆነ፣ ዳልቻ ሲያርስ እንደ ሰው እንደሚሰማ፣ ላሟ ሸጊት ገና እንዳልወለደች እያነሱ ሲያወጉኝ፣ እኔ በቀሚሴ ኪስ በያዝኩት ሩዝ፣ ስም በተጠራ ቁጥር አንዲት ፍሬ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ አሳልፋለሁ። ይህ መቁጠር አይደለም ወይ? ነው። ደስ እያለኝ አላደረግሁትም።

ወረቀቴ ላይ የማንንም ስም አልጻፍኩም። አንዱ ቤት ሦስት፣ አንዱ ሰባት፣ አንዱ አሥራ አንድ ብቻ ይላል። መምህር ናሆም አየውና ቅንድቡ ተሰበሰበ።

“ሠላሳ ተማሪ ሁለት ሲል አንቺ ብቻሽን አሥራ አንድ? ይሄ አፈንጋጭ ነው። አስተካክዪው፣ ወይ ማስረጃ አምጪ።”

“የማስተካክለው የለም” አልኩት። “ካላመኑ መጥተው ይዩ።”

አይመጣም ብዬ ነበር፤ መጣ። ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ነበርና ባጃጁ ዋልካው ጭቃ ላይ ቀረ፤ አሥራ አንድ ወዳልኩበት ቤት በእግራችን ዘለቅን። አያ ደረበ ብድግ ብለው ተቀበሉን፣ ሚስታቸው እትዬ ይመኙ እጃችንን አስታጠቡን፣ በላን። መምህሩ ደብተሩን አወጣ።

“ስንት ከብት አለዎት አባት?”

“ጥማድ ናት ጌታዬ። ለሱም እግዜር ይመስገን።”

ይህን ሲሉ ከብቶቹ ከግጦሽ ገቡ። ግቢው ሞላ። ጥማድ የተባለችው እየመጣች፣ እየመጣች አላልቅ አለች፤ ስንተኛው እንደሆነ የማላውቀው በሬ የመምህሩን ደብተር አሸተተ። መምህር ናሆም ጣቱን ቀስሮ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” ማለት ሲጀምር እትዬ ይመኙ ደረታቸውን ደቁ።

“ኧረ ጣትዎን ይሰብስቡ የኔ ጌታ! በማርያም ይዠዎታለሁ!”

ሰበሰበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “እሺ፣ አንቺ ንገሪኝ። የእኚህ ሰው ከብት ስንት ነው?”

አያ ደረበ ቀና ብለው አዩኝ። ያን ቀን የከብቶቻቸውን ጤና በየስሙ ለምን እንደጠየቅሁ ያኔ ገባቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አፌ ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፤ አሥራ አንድ ካልኩ አልፋለሁ፣ እመረቃለሁ፣ ከዚያ አቧራ እወጣለሁ። በጣም አፈርኩ፤ ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩ።

“ጥማድ ናት” አልኩ።

ተሰናብተን ወጣን። መንገድ ላይ መምህሩ “ለምን ዋሸሽ?” አለኝ።

“ወረቀቱ ላይ አልዋሸሁም። ሰው ቤት በልቼ ግን ባለቤቱን ፊት ለፊቱ አላዋርድም። ከብቶቹን በዓይንዎ አይተዋል፤ እርስዎ ጣትዎን ሰብስበው እኔን ለምን ያስቆጥሩኛል?”

ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ማንም ያላረጋገጠው ቁጥር ተቀብዬ ማለፊያ ልሰጥሽ አልችልም። ሁለት ብለሽ ጻፊውና አሳልፍሻለሁ” አለኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ሁለቱንስ ማን አረጋገጠው? ወረቀቴን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና አልጽፍም አልኩ።

ወደቅሁ። ሐምሌ ላይ ጓደኞቼ ጥቁር ካባ ለብሰው ፎቶ ሲነሡ እኔ ሚዛን ላይ ነበርኩ፤ አልቅሻለሁ፣ አልደብቃችሁም። ሥራው አሥር ቤት አሥር ጊዜ ሁለት ብሎ ለጻፈ የክፍሌ ልጅ ደረሰው። በመስከረም ለከብቶች ክትባት ይዞ ያንኑ መንደር ሲሄድ በየቤቱ ለሁለት ከብት የሚበቃ ነበር የጫነው፤ አያ ደረበ ግቢ ሳይጨርስ አለቀበት። ጨምሮ ይዞ ሲመለስም ማንም ከጥማድ በላይ አለኝ ብሎ አልተናዘዘም፤ ከብቶቹን በየተራ እያመጡ “የጎረቤት ናት፣ አደራ ናት” እያሉ አስወጓቸው አሉ።

ዘንድሮ እንደገና ተመዝግቤያለሁ። ትምህርቱም ያው ነው፣ መምህሩም ያው፣ የቤት ሥራውም ያው። ባለፈው ቅዳሜ አያ ደረበ ወረታ ገበያ ላይ አገኙኝ። ካለፈው ዓመት ወዲህ በወጉ ተነጋግረን አናውቅም። ሰላምታ ሰጥተውኝ አለፉ፤ ጥቂት ሄድ ብለው ተመለሱና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው “ሸጊት ወለደች” አሉኝ። ብለውኝም መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እሁድ ዕለት ያንኑ የአምናውን ወረቀት ለመምህር ናሆም መልሼ ሰጠሁት። አሥራ አንዱን ብቻ አሥራ ሁለት አድርጌዋለሁ።