የእኅቴ ሆድ ዋስ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ቬሎዎች ሱቄ ደጃፍ ላይ ተሰልፈው ጠበቁኝ። ሁሉም ነጭ ናቸው። ነፋስ ሳይኖር ይወዛወዛሉ። ሴት የለበሰቻቸው አልነበሩም፤ እያንዳንዳቸው ግን አንዲት ሴት በማንጠልጠያ ሰቅለው ይዘዋል። ሴቶቹ ለሽ ብለው ተኝተዋል።

«ለካን» አሉኝ ቬሎዎቹ። «ለእነዚህ ሴቶች አልሆን ብለን ተቸግረናል።»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደሴ ውስጥ፣ ከዳገት ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ብዙ አልናገርም። ታላቅ እኅቴ ሐረገወይን እሑድ ታገባለች። የተከራየችው ቬሎ ከጀርባዋ አራት ጣት ያህል አልገጥም ስላላት ምግብ ትታለች። ጠዋት ሎሚ የተጨመቀበት ሙቅ ውኃ፣ ማታ ግማሽ ሙዝ፤ በቃ። ቬሎውን ያከራየችን ሴትዮ ደግሞ መቀስ እንዳይነካው አስጠንቅቃለች። እኔ «እባክሽ ብዪ» ልላት እፈልጋለሁ። ግን ታናሽ ወንድም በታላቅ እኅቱ ገላ ምን አገባው? ምራቄን ውጬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ይህ ሁሉ በእውን ነው፤ ሕልሙ ውስጥም ደረቴን ተጭኖኝ ነበር።

ከሰልፉ ፊት የቆመው የእኅቴ ቬሎ ነው። ባዶ እጅጌውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ።

«ዝምተኛው፣ ና ለካኝ።»

«አንተን ነው ወይስ እሷን?»

«እሷማ ልኳን ናት። የጠበብኩት እኔ ነኝ።»

ሜትሬን ወገቡ ላይ ጠመጠምኩ። ቬሎው ትንፋሹን ውጦ አፈረ።

«የተሰፋሁት ሩቅ አገር ነው፣ በእንጨት ሴት ላይ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእንጨቷ ሴት ምሳ በልታ አታውቅም። እኔ ደግሞ ሴት ሁሉ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «በግራ ጎኔ፣ ከውስጥ፣ ቢፈታ የሚያሰፋኝ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ አለኝ። ለማንም አትንገር።»

ይህን እንዳለኝ የሱቄ ጣሪያ ተነሥቶ ሄደ። ግድግዳዎቹም ተከተሉት። መንገድ ላይ ቀረሁ።

መንገዱ ዳር፣ በእውን ሰው የሚመዘንባቸው ሚዛኖች ተራ በተራ በሴቶች ትከሻ ላይ እየወጡ ይመዘኑ ነበር። አንዲት ደልደል ያለች ሴት በትከሻዋ ላይ ያለውን ሚዛን ቀና ብላ አየችው።

«ከብደሃል» አለችው። «ምን እየበላህ ነው?»

«የሰው ጭንቀት» አለ ሚዛኑ አንገቱን ደፍቶ።

«እሱን ቀንስ እንግዲህ» አለችና አወረደችው።

ሰላምታውም ተገልብጧል። እኛ ሰፈር «ምነው ከሳሽ፣ አመመሽ እንዴ?» ወይም «ወፈርሽ፣ ተስማማሽ» ሳይባል ሰላምታ አያልቅም። በሕልሜ ግን ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ ከፊታችን ሲመጡ ወገብ የሚባል ነገር ያዩም አይመስሉም።

«ሐረጌ፣ ዳገቱን ስትወጪ ልብሽ እንዴት ይመታል?» አሉ። «እንቅልፍሽስ? ጉልበትሽ ደኅና አደረ?»

እኅቴ አጠገቤ መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እግሯ መሬት አይነካም። እጇን ካልያዝኩት ወደ ላይ ልትሄድ ነው።

«ቀለልኩ አይደል?» አለችኝ ደስ ብሏት።

«ቀለልሽ፣ እታለም» አልኩና ጣቶቿን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ከኋላችን ቀጭን ኮቴ ሰማሁ። ዞር ስል እንቁላል ነው። ሁለት ሰላላ እግሮች አውጥቶ፣ ዳገቱን እያዘገመ ይወጣል። እንደ ትልቅ ሰው ከመንገዱ ዘወር አልኩለት።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ለሽምግልና ተጠርቼ።»

«አይረፍድብህም?»

«ልጄ፣ እነዚህን እግሮች ያወጣሁት ቀስ ብዬ ነው። ዛሬ ብሮጥ እሰበራለሁ።»

«እኅቴ ግን ለእሑድ መድረስ አለባት።»

እንቁላሉ ቆም ብሎ ቀና አለና አያት። «እሑድስ ያልፋል» አለ። «ሰኞ በማን ገላ ልትኖር ነው?»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ዳገቱ ዝቅ ብሎ በጀርባው አሳፈረን። ሲያወርደን ከአንድ ዋርካ ሥር ነበርን። ዋርካው ሥሩን ወደ ሰማይ፣ ቅርንጫፉን ወደ መሬት አድርጎ ተተክሏል። ሽማግሌዎቹ ቅርንጫፎቹ ላይ ተቀምጠዋል፤ መካከል ላይ አባ ጎመን፣ በቀኛቸው እማማ ምስር፣ በግራቸው ጋሼ አጃ። እንቁላሉ ዘግይቶ ቢደርስም ተነሥተው ቦታ ለቀቁለት። ከፊታቸው ጋቢ የተከናነበ፣ ፊቱን ያዞረ ሰው አለ። ቀርቤ ሳየው ሰው አይደለም። የእኅቴ ሆድ ነው።

«ተናገር» አሉት አባ ጎመን።

«ከልጅነቷ ጀምሮ አብረን ኖርን» አለ ሆዷ። «አሁን ለአንድ ቀን ልብስ ብላ ደጁን ዘጋችብኝ። አንኳኳሁ። ሎሚ ደፋችብኝ። ቆይ፣ እኔ ሆድ አይብሰኝም?»

ሆድ ራሱ ሆድ ሲብሰው አይቼ አላውቅም ነበር። አሳዘነኝ።

«እሱስ ደግ ሆኖ ነው?» አለች እኅቴ ከላይ። «ፎቶ ባነሣ ቁጥር ቀድሞኝ ይገባል።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እማማ ምስር ብቻ አልሳቁም። ተነሥተው የእኅቴን እግር ሳብ አደረጉና ቁርጭምጭሚቷን ያዙ፤ እዚያ አገር የልብ ትርታ የሚደመጠው በእግር ነው።

«ደሟ አንሷል» አሉ። «ጥፍሯ ነጥቷል። ጸጉሯ ማበጠሪያ ላይ እየቀረ ነው። እኔን ትታ በማን ልትተካኝ ነው? በሎሚ?»

«እኔ ግን ምን አጠፋሁ?» አለ ከዳር የተቀመጠ ዳቦ።

«አንተ ዝም በል» አሉት ጋሼ አጃ። «ሰው አንተን ብቻ ቢጠራ ከነወንድሞችህ ነው የምትመጣው። ከእንግዲህ ብቻህን፣ ከእኛ ጋር ና።»

ከዳቦ ጀርባ ሊሸሸግ የሞከረ ዘይትም ተያዘ። «አንተም ወጥ ላይ መንሳፈፍህን ተው» ተባለ። «እዚህ ማንም ዋና አልጠየቀህም።»

ፍርዱን የተናገሩት አባ ጎመን ናቸው። ሲናገሩ ቅጠላቸው ይንሿሿል።

«እሷ ጠዋት ጠዋት ደጁን ትክፈትለት። ከሳህኗ እኩሌታውን ለእኔና ለዘመዶቼ ትስጥ። ዳገቱን በእግሯ ትውጣ። እሱ ደግሞ ወር ሲወጣ ወር ሲገባ፣ ጋቢውን ትንሽ ትንሽ እያጠፈ ጠበብ ብሎ ይቀመጥ። በሳምንት የሄደ በሳምንት ይመለሳል፤ እናንተም ስትካሰሱ መኖራችሁ ነው።»

ሆዷ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ «እሺ» አለ።

«ለእሑድ አይደርስማ» አለች እኅቴ። ድምፅዋ ሩቅ ነበር። ቀና ስል ከሥሮቹ በላይ ሆናለች። እጄ ላይ የቀረችው ትንሿ ጣቷ ብቻ ናት።

«እርቁ ዋስ ይፈልጋል» አሉ አባ ጎመን። «ዋስ የሌለው እርቅ አያድርም። የልጅቱ ዋስ ማነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዳቦም፣ ዘይትም፣ ዳገቱም።

«እኔ» ልል አፌን ልከፍት ብል አልከፈት አለኝ። በእጄ ዳሰስኩት። ከንፈሬ ተሰፍቷል። ስፌቱን አወቅሁት፤ የማንም አይደለም፣ የራሴው የእጅ ሥራ ነው፤ ጥብቅ፣ እኩል፣ ክሩ ድርብ።

«ልጁ ዋስ አይሆንም ማለት ነው?» አሉ እማማ ምስር።

«ቀስ ይበል፣ ጠብቁት» አለ እንቁላሉ። ወደ እኔም ጠጋ ብሎ «አንዷን ክር ብቻ» አለኝ።

የእኅቴ ጣት ከጣቴ እየተንሸራተተ ነው። በምላሴ ክሯን ፈለግሁ። አገኘኋት። ገፋኋት። ላላች።

የሆነ ነገር ጓ አለ። ነቃሁ።

ነግቷል። ድምፁ የመጣው ከሳሎን ነበር። ሮጬ ስወጣ ወንበር ወድቋል፤ እኅቴ ቬሎውን ለብሳ ግድግዳ ተደግፋለች። ዚፑ እስከ ላይ ተዘግቷል። ከንፈሯ ከቬሎው ይነጣል።

«ገባልኝ» አለችኝ።

«ማን ዘጋልሽ?»

«ራሴ። ዚፑ ላይ ክር አስሬ ሳብኩት። ልቀመጥ ስል ግን ልብሱ አላስቀምጥ አለኝና ወንበሩን ጣልኩት።»

«ውኃ ላምጣልሽ?»

«አያስውጠኝም።»

«ታዲያ እሑድ ቀኑን ሙሉ እንዴት ልትሆኚ ነው?»

«እቆማለሁ» አለችና ከግድግዳው ተንሸራተተች። ሳትወድቅ ያዝኳት። በሕልሜ እንደነበረችው ቀላል ነበረች።

ምንጣፉ ላይ በጎኗ አስተኛኋት። ከሥራ ሳጥኔ ትንሿን መቀስ አወጣሁና የቬሎውን ግራ ጎን ከውስጥ ዳሰስኩ። የታጠፈው ጨርቅ እዚያው ነው።

«አበጀ፣ ምን ልታደርግ ነው?» አለች ዓይኗን ገልጣ። «የሰው ልብስ ነው እኮ። ሴትዮዋን ምን ልንላት ነው?»

«ዋስሽ እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ከለመድኩት ከፍ ብሎ ወጣ፤ እኔም ደነገጥኩ።

«የምን ዋስ?»

የመጀመሪያዋን ክር በጠስኩ፤ ቀጥሎ ሁለተኛዋን። እኅቴ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ከዚያ ሆዷ ጮኸ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ። ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚለው?» አለች በጣቶቿ መካከል።

«ደጁን ክፈቺልኝ እያለሽ ነው» አልኳትና እንቁላል ልቀቅልላት ተነሣሁ።