መህሬ አንዲት ካፓሲተር

ወንድ ልጅ መንገድ ሲጠፋው አይጠይቅም፤ ሂሳብ ሲሳሳትማ ጭራሽ አያምንም። አትቆጡኝ፣ እኔም ያገባሁት ከእነዚሁ አንዱን ነው።

ዘመኑ ደርግ፣ ሰፈሩ አቃቂ። ፈትል ፋብሪካ እየሠራሁ ማትሪክ እንደገና ልፈተን ስዘጋጅ፣ የፋብሪካችን ኤሌክትሪሺያን ጀማል ቅዳሜ ቅዳሜ ፊዚክስ ሊያስጠናኝ ቤታችን ይመጣ ጀመር። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ናቸው። ከመንገድ ሲመለሱ ሶፋው ላይ ተቀምጠው አብረውን "ያጠናሉ"። ዓይናቸው ግን መጽሐፉ ላይ አልነበረም።

ታዲያ አንዲት የካፓሲተር ጥያቄ ላይ ተጣላን። ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ኤሌክትሪክ አጠራቃሚዋ ካፓሲተርም ትሞላለች፣ ትጎድላለች። በጣም በሞላችበት ቅጽበት ስንት ኢነርጂ ትይዛለች? ጀማል የግድግዳውን ሶኬት ሁለት መቶ ሃያ ቮልት እንዳለ ወስዶ አሰላ። እኔ ደግሞ "ጫፉ ከዚያ ይበልጣል፤ መልሱ ያንተ እጥፍ ነው" አልኩ። ሞቼ እገኛለሁ አለ! ቅዳሜ መጣ፣ ቅዳሜ ሄደ፤ እሱ ንቅንቅ የለም። ሰውዬውን ወድጄዋለሁ፣ ምን ይደበቃል። ግን አንዲት "ተሳስቻለሁ" ከአፉ ከማትወጣ ሰው ጋር ዕድሜ ልክ እንዴት ይኖራል? ይህ እንቅልፍ ነሳኝ።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ትዕግሥታቸው አለቀ።

"እኔ አሰብ ደርሼ መጣሁ፤ እናንተ እዚያው ናችሁ? ልጄ፣ ይህን ከምትፈታ ሽማግሌ ብትልክ አይቀልህም?"

ጀማል ላብ በላብ ሆነ። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ መጡ።

የኒካህ ዕለት፣ ጋብቻችን ሲታሰር፣ ምስክሮቹ እኔ ወዳለሁበት ጓዳ ገብተው መህርሽ ምንድን ነው አሉኝ፤ ሙሽራ ከባሏ የሚገባትን ስጦታ ራሷ ነው የምትጠራው። ሌላዋ ወርቅ ትላለች። እኔ "ያችን ሂሳብ ተሳስቼ ነበር ብሎ በሰው ፊት ይመንልኝ" አልኩ። አክስቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ምስክሮቹ ወጥተው ሳሎን ለተቀመጠው ጀማል ነገሩት። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

"ትክክሏ እሷ ናት፤ እጥፍ ነው" አለ ጀማል ከግድግዳው ወዲያ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የገባኝማ በሁለተኛው ቅዳሜ ነበር። ካመንኩ በምን ሰበብ ልምጣ?"

አባቴ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አለቀስኩ፤ ኩሌ ሁሉ ጉንጬ ላይ ወረደ።

የጥያቄው መልስ ለካ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ታትሞ ነበር እንዳትሉኝ። ነበር። እያወቅኩ ገልጬ አላሳየሁትም፤ እኔም ቅዳሜዎቹ እንዳያልቁብኝ ብዬ። ይህን እንዳምን ግን እስከ ዛሬ መህር አድርጎ የጠየቀኝ የለም።