የነፋሱ ሹመት

ታላላቅ ሰዎች በታላላቅ ምክንያት ይወድቃሉ፤ ከእነሱ የሚልቁት ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት ይነሣሉ። በኢሲክ ኩል ሐይቅ ምዕራባዊ ዳር የምትገኘውን፣ ለክብሯ ስንል ስሟን የማንጠራትን ከተማ ያስተዳድሩ የነበሩት ክቡር ቤይሸናሊ ከሁለተኞቹ ወገን ነበሩ።

ቤይሸናሊ ፈረስ ላይ ያደጉ፣ በግ ሲበልቱ እጃቸው የማይሳሳት፣ ንግግር ከጀመሩ ደግሞ የሚያቆማቸው የሌለ ሰው ናቸው። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባቸው፤ ውሃ ይፈራሉ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ሐይቅ ዳር ኖረው ከጉልበታቸው በላይ ገብተው አያውቁም። «ሐይቅ የሚያምረው ከዳር ሲያዩት ነው፤ አስተዳደርም እንደዚያው» ይሉ ነበር። ይህ አባባላቸው በወርቃማ ፊደል ተጽፎ ቢሯቸው ውስጥ ተሰቅሏል።

በዚያች ከተማ የብርዱ ወራት ሲገባ ከአስተዳዳሪው በላይ የሚያዝ ነፋስ ነው። ቆርቆሮ ይነቅላል፣ ያሰጡትን ልብስ ጎረቤት ያደርሳል፣ ውሻ ያንገዳግዳል። ሐይቁ ግን በረዶ አይሠራም። ተራራው ነጭ ለብሶ፣ የሰው ጢም ደርቆ እንደ ሽቦ ሲቆም ሐይቁ ሰማያዊ እንደሆነ ይናወጣል። ጤነኛ ሰው በዚህ ጊዜ ምድጃውን ታቅፎ ይቀመጣል። የቤይሸናሊ ምራት ጂፓርጉል ግን ሐይቅ ትወርዳለች።

ጂፓርጉል የትምህርት ቤት የሙዚቃ አስተማሪ ናት። ባሏ ለሥራ ሩሲያ ሲሄድ ከጎተራው ጥግ አንድ የውሃ ካይት ትቶላት ሄደ፤ እንደ ጣራ የሰፋ ሸራ፣ ረጃጅም ገመዶች፣ እግር የሚቆምበት ሰሌዳ፣ ጥቁር የጎማ ልብስ። ሌላዋ ሴት ባሏ ሲናፍቃት ፎቶውን ታያለች። ይቺ ግን ሸራውን ለነፋስ ሰጥታ፣ ሰሌዳው ላይ ቆማ፣ በሐይቁ ላይ እንደ ዳክዬ ስትበር ትውላለች።

አንድ ቀን ጠዋት ቤይሸናሊ ሻይ ላይ ጉዳዩን አነሡት።

«ጎረቤት ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«ምን ይላል አባባ?»

«‹የአስተዳዳሪው ምራት ጎማ ለብሳ በሐይቅ ላይ ትበራለች› ይላል!»

«እውነቱን ነው እኮ።»

«እውነት መሆኑ ነው የከፋው! ሐሜት ቢሆንማ አስተባብል ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሐይቅ መውረድ የለም።»

ጂፓርጉል አንገቷን ደፍታ ስኒያቸውን ተቀበለችና እስከ አፉ ሞልታ ቀዳችላቸው። በዚያ አገር ምራት ለአማቷ የምትቀዳው ግማሽ ስኒ ነው፤ ሞልታ ከቀዳች «ጠጥተህ ውጣ» ማለቷ ነው። ባለቤታቸው አስልካን ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። ቤይሸናሊም ጠጥተው ወጡ።

ቢሮ ሲደርሱ ስልኩ ይጮኻል። ከዋና ከተማው ነው፤ የሚደውሉት ደግሞ የበላይ ኃላፊው ራሳቸው።

«በብርዱ ወራት ጎብኚ ለመሳብ ምን ሠራችሁ?»

ቤይሸናሊ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱ። ከነፋስ በቀር የተሠራ ነገር አልነበረም።

«የውሃ ካይት አለን ክቡርነትዎ!» አሉ።

«በዚህ ብርድ? ውሃው አይቀዘቅዝም?»

«የሐይቁ ስም እኮ ‹ሞቃት ሐይቅ› ማለት ነው። አባቶቻችን ይዋሻሉ እንዴ?»

አባቶችን ውሸታም ለማለት የደፈረ ባለሥልጣን እስካሁን አልተፈጠረም። «እንግዲያው መጥቼ አያለሁ» አሉ የበላይ ኃላፊው።

ወዲያው ለጉብኝቱ በዓል ታወጀ፤ የነፋስ አቀባበል ኮሚቴም ተቋቋመ። ኮሚቴው በጥልቀት ተወያይቶ በበዓሉ ዕለት ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ፣ መጠነኛ በሆነ ሁኔታ፣ ከእንግዳው ወንበር በስተጀርባ እንዲነፍስ ወሰነ። የቤይሸናሊ ረዳት ኩባት፣ ትጉህና ለጥያቄ ሁሉ መልስ የማያጣ ጎልማሳ፣ እጁን አወጣ።

«ባይኬ፣ ነፋሱ እምቢ ቢልስ?» አለ፤ ባይኬ በዚያ አገር ታላቅን በአክብሮት መጥሪያ ነው።

«ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል!»

ተጨበጨበ። ነፋሱ ተስተካከለ፤ የቀረው ስፖርተኛ ነው። በመላ ከተማው ካይት የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷም በአስተዳዳሪው ትእዛዝ ታግዳለች። ቤይሸናሊ በዚያ ምሽት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ማድቤት ገቡ። ጂፓርጉል ሊጥ እየዳመጠች ነበር።

«ልጄ፣ አንድ ነገር አስቤ ነበር» አሉ ድስቶቹን እያዩ። «ለበዓሉ ብትወጪስ? ፊትሽን ተሸፍነሽ፣ ከኖርዌይ የመጣ ስፖርተኛ ሆነሽ...»

«ሴት ነኝ ወንድ?»

«ወንድ ብትሆኚ ይሻላል።»

«ስሜስ?»

«ኩባት ሐንስ ብሎሻል።»

አስልካን ከምድጃው ጥግ በሳቅ ፈነዳች። «ኧረ ሽማግሌው! ለልጄ የዳርኩት ሐንስን ነው እንዴ?»

ጂፓርጉል ግን አልሳቀችም። እጇን ከዱቄቱ አራገፈች። «አባባ፣ በስሜ ከሆነ እወጣለሁ። ‹ጂፓርጉል፣ የቤይሸናሊ ምራት› ተብሎ በድምፅ ማጉያ ይነገር። አለዚያ ሐንስን ከኖርዌይ ያስመጡት።»

«የአማትሽን ልመና እምቢ ትያለሽ?»

«የእርስዎን ልመና አከብራለሁ። እምቢ ያልኩት ሐንስን ነው።»

«ተዪው! ያላንቺም ይሆናል!» ብለው ወጡ። እንዴት እንደሚሆን ግን እሳቸውም አላወቁም፤ የመሪነት ምሥጢሩም ይኸው ነው።

በዓሉ ደረሰ። ሐይቁ ዳር የክብር ድንኳን ተተከለ፤ የተጠበሰው ሊጥ በየሳህኑ ተከመረ፣ የበጉ ጭንቅላት ለእንግዳው ቀረበ። ሕዝቡ በፀጉር ኮፍያው ውስጥ ተሸጉጦ ቆመ። አንድ እንግዳ ብቻ ቀረ፤ ነፋሱ። ከስንት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባንዲራው እንኳ አልተነቃነቀም። ማስጠንቀቂያ እንደማይፈራ ታወቀ።

ቤይሸናሊ ጊዜ ለመግዛት ንግግር ጀመሩ። «ነፋስ ለልማት» አሉ። «ነፋስ ለአንድነት» አሉ። «ትናንት ቆርቆሯችንን ይወስድ የነበረው ነፋስ ዛሬ የሥራ ባልደረባችን ሆኗል» ሲሉ ባልደረባው በምሥራቅ በኩል ድንገት ደረሰ። መጀመሪያ የንግግሩን ወረቀት፣ ቀጥሎ ነጩን የሱፍ ባርኔጣቸውን ወሰደ። የቤይሸናሊን ንግግር ያስቆመ የመጀመሪያው አካል ሆኖ ተመዘገበ።

«ግሩም!» አሉ የበላይ ኃላፊው እጃቸውን እያፋተጉ። «ስፖርተኛው የታለ?»

ቤይሸናሊ ኩባትን አዩት። ኩባት ሰማዩን አየ፤ ከሰማይ ግን ስፖርተኛ አልወረደም። የኩባት አፍ ደግሞ ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ያሳክከዋል።

«ክቡርነትዎ! በእኛ ከተማ መሪ ማለት ከፊት የሚቀድም ነው። ስፖርተኛው ባይኬ ራሳቸው ናቸው!»

ጭብጨባው ነፋሱን በለጠው። ቤይሸናሊ «አይደለሁም» ማለት ይችሉ ነበር። ግን ይህችን ቃል ለበላይ ተናግረዋት ስለማያውቁ ምላሳቸው ላይ መንገዱ ጠፋት። ፈገግ አሉ። ሲፈሩም ፈገግ ነው የሚሉት።

የልጃቸው የጎማ ልብስ ከቤት መጣ። ልጁ ቀጭን ነው፤ አባትየው ደግሞ በበዓል ሁሉ የተገኙ ሰው ናቸው። ኩባትና ሾፌሮቹ ሳሙና ቀብተው፣ ከዚህ ገፍተው ከዚያ ጎትተው ከተቷቸው። ሲጨርሱ ክቡርነታቸው በደንብ የተጠቀጠቀ ቋሊማ መስለው ቆሙ።

በዚህ መሐል ጂፓርጉል ሕዝቡን እየገፋች ደረሰች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባባ፣ በእናትዎ ይተዉት። ነፋሱ ዛሬ ክፉ ነው። እኔ ልውጣ። ሐንስ በሉኝ፣ የፈለጋችሁትን በሉኝ፣ ግድ የለኝም!»

ቤይሸናሊ አዩዋት። ለስሟ ስትል ማድቤት ውስጥ የተገዳደረቻቸው ልጅ፣ ለእሳቸው ነፍስ ስትል ስሟን ጣል ስታደርገው በጎማው ሥር ደረታቸውን አንድ ነገር ወጋቸው። እሺ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከኋላቸው ግን ሕዝቡ ገና እያጨበጨበ ነው።

«ልጄ» አሉ በዝግታ፣ «አንዴ ተጨብጭቧል።»

ክርክር እንደማያዋጣ ሲገባት መንሳፈፊያውን ጃኬት አስታጠቀቻቸው፣ የራስ ቁሩን አጠበቀችላቸው፣ ጥልቀት በሌለው በኩል አቁማ እጀታውን አስያዘቻቸው። ይህን ሲስቡ እንዲህ፣ ያንን ሲገፉ እንዲያ እያለች አስረዳች። ቤይሸናሊ እንደ ስብሰባ ሁሉንም ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀበሉ፤ እንደ ስብሰባም አንዱንም አልሰሙም።

ሸራው ተነሣ። ቤይሸናሊም አብረው ተነሡ።

መጀመሪያ አምላካቸውን ጠሩ፤ ቀጥሎ እናታቸውን፤ ከዚያ የሚጠራ ሲጠፋ ዝም አሉ። በአየር ላይ ናቸው። የከተማው ጣሪያዎች ከበታቻቸው፣ ነጩ ተራራ ፊት ለፊታቸው፣ አስልካን ደግሞ ዳር ላይ እንደ ምስር ፍሬ። ሁሉን ነገር ከዳር ሲያዩ የኖሩት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሐል አዩት። ከልጅነታቸው ወዲህ ስቀው የማያውቁትን ሳቅ ሳቁ፤ ጮክ ብለው፣ እንደ ውርንጭላ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ሸራው አጎነበሰና ሞቃቱ ሐይቅ ተቀበላቸው። አባቶቻችን ይዋሻሉ ወይ ለተባለው ጥያቄ መልሱ ከአንገታቸው ገብቶ በተረከዛቸው ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነፋሱ ነው የሚያውቀው። ወደ ግራ ጎተታቸው፤ ሄዱ። ወደ ቀኝ ጎተታቸው፤ እየተንደባለሉ ሄዱ። ብድግ አደረጋቸው፣ ጣላቸው፣ እንደገና ብድግ አደረጋቸው። ጂፓርጉል በዳር እየሮጠች ትጮሃለች፤ ነፋሱ ቃሏን ከአፏ ይቀማታል። ቤይሸናሊ እጀታውን እንደ ወንበራቸው ጨብጠዋል። በመጨረሻ ሸራው አንዴ ዞረና ከውሃው አንሥቶ አሸዋው ላይ፣ ልክ ከበላይ ኃላፊው ጫማ ሥር፣ በግንባራቸው ደፋቸው።

ጂፓርጉል ደርሳ ሸራውን ሰበሰበች። አስልካን ሻሿን አውልቃ በባሏ ራስ ላይ ጠመጠመች፣ ካፖርት ደረበችላቸው። የበላይ ኃላፊው ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ብድግ አሉ።

«ወገኖቼ!» አሉ። «ብዙ መሪ አይቻለሁ። ነፋሱ ሲመጣ የሚከራከር አለ፤ ነፋሱ ሲበረታ እጀታውን የሚለቅ አለ። እኚህ ሰው ግን ነፋሱ ግራ ሲል ግራ፣ ቀኝ ሲል ቀኝ፤ አንዴም አልተቃወሙ፣ አንዴም አልለቀቁ! በመጨረሻም የት መስገድ እንዳለባቸው አወቁ! እንዲህ ያለ ሰው በዋና ከተማው ያስፈልገናል። ቤይሸናሊ፣ ምክትሌ ይሆናሉ?»

ቤይሸናሊ እምቢ ሊሉ ነበር። በውሃው ውስጥ ተሥለው ነበር፤ ከዚህ ከወጣሁ ሥልጣን በቃኝ፣ ሐይቅ ዳር በግ አረባለሁ ብለው። ግን ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ቃል አላሳልፍ አለ፤ ራሳቸውም በብርዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይርገበገባል።

«ተስማሙ!» አለ ኩባት።

ተጨበጨበ። እንግዶቹ ተሿሚውን ወደ ድንኳኑ፣ ወደ በጉ ጭንቅላት አስገቧቸው። የመንግሥት አካል በሙሉ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ሲበላ፣ ዳር የቀረው ሕዝብ ግን ወደ ውሃው መጮኽ ጀመረ። ጂፓርጉል የራሷን የጎማ ልብስ ለብሳ፣ ሰሌዳዋ ላይ ቆማ ማዕበሉን እየሰነጠቀች ትበራለች፤ ትነሣለች፣ ትዞራለች፣ እንደ ላባ ትወርዳለች። አስልካን ከሰው እጅ ድምፅ ማጉያውን ነጠቀች።

«ያቺ ጂፓርጉል ናት! የእኔ ምራት! የኖርዌይ ሰው አይደለችም!»

በዚያ ሳምንት የዋና ከተማው መኪና ደጃፋቸው ቆመ። ቤይሸናሊ አዲስ ኮት ለብሰዋል፤ አፍንጫቸው ገና ቀይ ነው። ጎረቤቱን ሁሉ ከተሰናበቱ በኋላ ምራታቸውን ወደ ጎን ሳብ አደረጓት።

«ልጄ፣ ያን ቀን ዳር ለዳር እየሮጥሽ ስትጮኺ የነበረው ምንድን ነበር?»

«‹ቀዩን ይሳቡ› ነበር የምልዎ አባባ። ደረትዎ ላይ ቀይ ማላቀቂያ አለ። እሱን አንዴ ቢስቡት ሸራው ይለቅዎት ነበር፤ እዚያው ቆመው በእግርዎ ይወጡ ነበር።»

ቤይሸናሊ ወደ መኪናው አዩ፣ ወደ እሷ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ይህን አለማወቄን እዚያ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?» አሉ።

«ኧረ አይጨነቁ አባባ» አለች ጂፓርጉል ኮታቸውን እያስተካከለች። «እዚያ እንዴት እንደሚለቀቅ የሚጠይቅዎት ሰው የለም።»