ያልተቆፈረው ቦይ

ካልታየ ሥራ አይደለም ብሎ የሚያምን አለቃ ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ታድላችኋል። እኔ በደርግ ጊዜ አዋሳ ውስጥ የፍሳሽ ቱቦ ዘርጊ ነበርኩ፤ የለፋሁበት ሁሉ መሬት ውስጥ ነው ያለው። ማውራቱም ይደክመኛል፤ ቢሆንም ላውራችሁ።

ታቦር ተራራ ግርጌ ካለ የመምህራን መኖሪያ የሚወጣውን ፍሳሽ ወደ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ እንድናወርድ ታዘዝን። መሃል ላይ የእማማ ማርታ ጓሮ አለ። ጓሮው ሙሉ እንሰት ነው፤ ለመድረስ ሁለት ዓመት የቀረው፣ እማማ ከነልጆቻቸው ተስፋ የጣሉበት። ቦይ ከተቆፈረ አለቀለት። እማማ እንሰቱ ሥር ቆመው አዩኝ፤ አንጀቴን በሉት።

መላ መታሁ። ከጓሮው ወዲህና ወዲያ ጉድጓድ ቆፈርን። ከዚያ የከባድ መኪና ክሪክ በግንድ አስደግፈን የብረቱን ቱቦ ከሥር ወደ ማዶ መግፋት ጀመርን። ስንዝር እንገፋለን፤ ቱቦው ውስጥ የገባውን አሸዋ ዝቀን እናወጣለን፤ ደግሞ እንገፋለን። ዘጠኝ ቀን! ወገቤ እስከ ዛሬ አልዳነም። ቱቦው ማዶ ብቅ ሲል ግን አንድ እንሰት አልተነካም። እማማ "ተባረክ ልጄ" አሉኝ።

ሰኞ የቀበሌው ሊቀመንበር ቅጽ ይዞ መጣ። "የተቆፈረ ቦይ በሜትር" ይላል ቅጹ።

"የለም ጓድ" አልኩት።

"እንዴት የለም? ቅዳሜ የበላይ አካል ሊጎበኝ ይመጣል። ምን ላሳየው? እንሰት?"

"ፍሳሹ እኮ እየወረደ ነው።"

"እሱማ አይታይም!"

እውነቱን ነው፤ አይታይም።

አርብ ነዋሪው በዘመቻ ወጣ፤ ቱቦው እንዲታይ ከላይ ተቆፈረ። እኔም ቆፈርኩ። ምን ላድርግ፣ ስም እየተጠራ ነው! እንሰቱ እየተነቀለ ዳር ላይ ተከመረ። በማግስቱ እንግዳው መጣና ከመኪናው ሳይወርድ "በርቱ" ብሎ አለፈ።

ያልደረሰ እንሰት ቆጮ አይወጣውም። እማማ ሥሩን፣ አሚቾውን፣ ቀቅለው ለቆፈረው ሁሉ አቀረቡ። ሊቀመንበሩ እጁን ሲዘረጋ አልፈውት እኔ ጋ መጡ።

"አንተ ቅደምና ብላ" አሉኝ። "ዘጠኝ ቀን የለፋህለት አንተ ነህ።"

አሽሙር ይሆን ብዬ ፊታቸውን ባየው፣ ከልባቸው ነው። ስድብ በስንት ጣዕሙ!