ሦስት እና ሦስት ነጥብ ዜሮ

“ይቺን ሴት አምስት ሰው ናት ይላል!” አለችኝ ሀዋ፣ ላፕቶፔን በጣቷ እየነካካች። “አንተ ኢንጂነር፣ እስቲ እያት። አምስት ሰው ትመስላለች?”

አየኋት። ፋጡማ ትባላለች፤ አንድ ሴት፣ አራት ትንንሽ ልጆች ተንጠልጥለውባት። የእህቷ ኒካህ መልካ ጀብዱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ አምስት ተኩል። ሙሽራዋ “ታላቅ እህቴ ሳትመጣ ከክፍሌ አልወጣም” ብላለች። ወደዚያ የሚሄደው ሚኒባስ ሦስት ወንበር ቀርቶታል። ቀጣዩ መኪና ገና ከዚያ አልተነሳም።

ሀዋ በመናኸሪያው ተሳፋሪ መዝጋቢ ናት። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ኮምፒውተሩ እሺ ሳይል ሰው ካሳፈረች ነገ እንዳትመጣ ተብላለች። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ጭንቅላት፣ አንድ ወንበር ብዬ። እዚህ ተራ ላይ ግን ሁለት ልጅ አንድ ወንበር ነው፤ ልጅ ግማሽ ሰው ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም። ያልጠየቅኩትም እኔው ነኝ።

መቼም የድሬን ሰው ታውቁታላችሁ። ወሬውን በሶማሊኛ ይጀምራል፣ መሀሉ ላይ ኦሮምኛ ጣል ያደርጋል፣ ግሱን በአማርኛ ያሳርፋል። ሰሚውም እንደመጣለት ይቀበለዋል። አስተርጓሚ የለ፣ ይቅርታ የለ።

እኔ ፕሮግራም የምጽፍበት ቋንቋ ይህ ጠባይ የለውም። ፈንክሽናል ከሚባሉት ወገን ነው፤ ጨዋ፣ ንጹሕ፣ ሲበዛ ተጠራጣሪ። ለእሱ ሦስት ሙሉ ቁጥር ነው፤ ሦስት ነጥብ ዜሮ ደግሞ ሌላ ዘር። “ያው አይደሉም እንዴ?” ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬዋለሁ። በቀይ ጽሑፍ መለሰልኝ። መደመሪያው እንኳ ለየብቻ ነው፤ ባለነጥብ ቁጥሮችን የሚደምረው ፕላስ ራሱ አጠገቡ ነጥብ አለው። የመረጥኩትም ለዚሁ ነበር፤ ጥፋቴን መንገድ ላይ ሳልወጣ ቤቴ ውስጥ ይነግረኛል ብዬ።

ዛሬ ግን መንገድ ላይ ነኝ።

የሀዋ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና ልጅን ግማሽ አደረግኩት። አራት ግማሽ ሁለት፣ ከእናትየዋ ጋር ሦስት። የአንደኛ ክፍል ሒሳብ! ቋንቋው ግን “የልጆቹ ብዛት ሙሉ ቁጥር ነው፤ እኔ የጠበቅኩት ባለነጥብ ነው” አለ። አስተካከልኩ። አሁን ደግሞ ወደ ወንበሮቹ ዞረ፦ ሰዎቹ ባለነጥብ፣ ወንበሮቹ ሙሉ፤ አላወዳድርም።

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

“ምን ይላል?” አለች ሀዋ።

“ሦስት ሰውና ሦስት ወንበር አይነጻጸሩም ይላል።”

“አቦ! ወላሂ፣ አንተንና እሱን ማን አገናኛችሁ?”

የፋጡማ ስልክ ጮኸ። በሶማሊኛ አነጋገረች፣ አንዱን ልጅ በኦሮምኛ ተቆጣች፣ ወደ እኔ ዞረችና “ወንድሜ፣ ሙሽራዋ እያለቀሰች ነው። ኩሏ እስከ አገጯ ወርዷል” አለችኝ።

መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው፦ ፍሎት። ከሙሉ ቁጥሩ ፊት ትጽፉታላችሁ፣ ቁጥሩ ባለነጥብ ይሆናል። ቋንቋው መቀየር አቅቶት አይደለም፤ ጠይቁኝ ነው የሚለው። ሌላው ሁሉ በዝምታ የሚያልፈውን እሱ ማመልከቻ ካልቀረበለት አይነካም። አንዳንድ ቢሮ ያሉ ሰዎች ትዝ አሉኝ፤ ግን ጊዜ አልነበረኝም። ከወንበሮቹ ፊት ፍሎት ብዬ ጻፍኩ። ቀዩ ጠፋ። ትንሿ ማተሚያ ጭር ጭር አለችና ወረቀት ተፋች፦ “3.0 ሰው። ይሳፈሩ።”

“ሲቃ! ተጠጉ! ካላይ!” አለ ፂሙ የሸበተው ረዳት፤ ሦስቱም በየቋንቋቸው ያው ተጠጉ፣ ነይ ነው። የሰማው ሁሉ በገባው በኩል ተንቀሳቀሰ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ገቡ፣ እናታቸው ተከተለች። ረዳቱ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ አነበበ።

“ሦስት ነጥብ ዜሮ። ሦስቱስ እሺ፣ አየኋቸው። ነጥብ ዜሮዋ ማናት?”

ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። ፋጡማ ቀደመችኝ። ሆዷን በመዳፏ ዳበስ አደረገችና፣

“ዜሮ አትበለው፣ ይሰማል” አለችው።

ረዳቱ እኔን አየኝ። ሀዋም እኔን አየችኝ። እጄ ሌላ ግማሽ ሊደምር ወደ ላፕቶፑ ቁልፎች ሊሄድ ሲል፣ የሚኒባሱ በር ተንሸራተተና ድው ብሎ ተዘጋ።