"ሚሚ አረፈችብኝ" ብዬ ጽፌ የመጣብኝ ጉድ

ጎበዝ፣ የዛሬውን ጉዴን ስነግራችሁ "ከራሷ ፈጥራ ነው" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ግን እናቴ ምስክሬ ናት። ያጋለጠችኝም እሷው ናት!

ጥንቸሌ ሞተች።

አትሳቁ። ገና ነው።

ሚሚ ነው ስሟ። ሁለመናዋ ነጭ፣ አንድ ጆሮዋ ብቻ ቡናማ። ሰሞኑን ሆዷን ነፍቷት ምግብ እምቢ ብላ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙም መድኃኒት ሰጥቷት ነበር። ዛሬ ጠዋት ጎጆዋን ስከፍት ግን ደርቃ አገኘኋት።

እማዬ ማለዳ ተነስታ ቱላ ያለችው እህቷ ጋ ሄዳለች። ብቻዬን ነኝ። የቢሮ ግሩፓችን ላይ ጻፍኩ፦

"ሚሚ ዛሬ ጠዋት አረፈችብኝ። ሥራ መግባት አልችልም።"

አረፈችብኝ!

ሰው ያርፋል፣ እንስሳ ይሞታል። ይህን የማያውቅ ሰው አለ? ግን ያን ሰዓት "ሞተች" የሚለው ቃል ከጣቴ አልወጣ አለኝ። በቃ፣ ጥፋቴ ይሄው ነው።

ስልኬን አጠፋሁ። ጓሮ አቮካዶው ሥር ቆፍሬ ቀበርኳትና ገብቼ ተኛሁ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ።

ስከፍት ደጃፉ ባጃጅ በባጃጅ ሆኗል! ቢሮው በሙሉ ጥቁር ለብሶ መጥቷል! ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አለቃዬ አቶ መስፍን ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ከፊት ቆመዋል።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ ሂሩት ልጄ" አሉኝ።

እዚህ ጋ ነበር መናገር የነበረብኝ አይደል? "ይቅርታ፣ ጥንቸል ናት" ብል ያልቅ ነበር።

ግን ዳንጊሴ አቀፈችኝ። ዳንጊሴ ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ ላይ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት፤ ስታቅፍ አጥንት ታንቋቋለች። እሷ ስታለቅስ እኔም ለቀቅኩት። አንዴ እንዲያ ካለቀሱ በኋላ "ጥንቸል ናት" እንዴት ይባላል?

ገብተው ተቀመጡ። ዳንጊሴ ጸሎት ጀመረች። "ጌታ ሆይ፣ ይህችን ነፍስ በእቅፍህ ተቀበላት..."

ሁሉም "አሜን" አለ። እኔም! ለጥንቸል!

ሰብለ የምትባል ባልደረባችን ደግሞ ዝምታ አይሆንላትም። "ስንት ዓመቷ ነበር?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ሦስት።"

ሳሎኑ በአንድ አፍ "ውይይይ!" አለ።

"ሕፃን! ምን አገኛት?"

"ሆዷን ነፋት።"

"የት ቀበራችኋት?"

"እዚሁ... ጓሮ።"

መሬት ሆይ፣ ተከፍተሽ ዋጪኝ!

ሰብለ ዳንጊሴን አየቻት። ዳንጊሴ አቶ መስፍንን አየቻቸው። ያላገባች ሴት፣ የሦስት ዓመት ልጅ፣ ጓሮ የተቀበረች! እናንተስ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር?

አቶ መስፍን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ልጅ እንዳለሽ ብትነግሪን እኮ ምንም አልነበረም..."

ልናገር አፌን ስከፍት እማዬ ገባች።

ቤቱን የሞላውን ጥቁር ልብስ ስታይ ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ። "ወየው! ማን ሞተብኝ?"

ዳንጊሴ ሮጣ ደገፈቻት። "እማማ ይጽኑ! ሚሚ ናት!"

እማዬ ግራ ገብቷት ዙሪያውን አየች።

"ሚሚ? ጥንቸሏ?"

ከጥግ በኩል አንዱ ሳቅ በአፍንጫው አመለጠው። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሳሎኑ በሙሉ።

ያልሳቁት አቶ መስፍን ብቻ ናቸው። ተነስተው ባርኔጣቸውን አጠለቁ። "ሂሩት፣ እኛ እኮ ሥራ ዘግተን ነው የመጣነው። ለእንስሳ 'አረፈች' ይባላል?"

"ይቅርታ" ልላቸው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አባዬ ነበር ያመጣት።"

የቀረውን እማዬ ነገረቻቸው።

አባዬ ያረፈው አምና ነው። ጡረታ እንደወጣ ሰሞን ሚሚን ከገበያ በካርቶን ይዟት መጣ። እማዬ "አይበላ፣ አይታለብ፣ ምን ሊሠራልን ነው?" ብላ ሳምንት አኩርፋለች። እሱ ግን በየጠዋቱ ጎመን እያጎረሳት ያወራት ነበር። ለእኛ የማይነግረውን ለእሷ ይነግራታል። አንድ ቀን "ሚሚዬ፣ ደረቴን ጨነቀኝ እኮ" ሲላት በመስኮት ሰማሁትና ሐኪም ቤት ወሰድነው።

ዘግይተን ነበር።

ለቅሶው ላይ የመጀመሪያ ልጅ እኔ ነኝ። ድንኳኑ በእኔ፣ ወንበሩ በእኔ፣ ንፍሮው በእኔ። እነዚሁ የቢሮ ሰዎች መጥተው ውሃ ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ። "እንዴት ያለች ጠንካራ ልጅ!" አሉኝ። አንዲት እንባ አልወጣኝም። ከዚያም በኋላ አልወጣኝም። "ክፉ ልጅ ነኝ መሰለኝ" እያልኩ ከረምኩ።

ዛሬ በእሱ አካፋ ጉድጓድ ስቆፍር ግን ያመቱ እንባ ሁሉ በአንዴ መጣ።

"አባቷን ስንቀብር እንኳ አላለቀሰችም" አለች እማዬ። "ሐዘኑ ውስጧ ቀርቶ እንዳይጎዳት እፈራላት ነበር።"

ሳቁ ቆመ። ሰብለ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች።

አቶ መስፍን ባርኔጣቸውን መልሰው አወለቁና ተቀመጡ። "እንግዲያው የመጣነው ለአባትሽ ነው" አሉ። "ነፍስ ይማር።"

ዳንጊሴ ወገቧን አስራ ጓዳ ገባች። ልረዳት ስነሳ "ዛሬ ተቀመጪ!" ብላ ጮኸችብኝ።

ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። ሰው ፊት፣ ንፍጤ እየወረደ፣ እንደ ሕፃን!

ሲመሽ ሄዱ። እማዬ ከዘንቢሏ የተበተነውን ጎመን ከወለሉ እየለቀመች "ለእሷ ብዬ ነበር እኮ" አለችና እዚያው ቁጭ አለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ከአባዬ በኋላ ሁለታችን አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው።

አሁን ስልኬን ስከፍት ግሩፑ ላይ የካሮት ስቲከር ተደርድሯል። ስሜም "የሚሚ እናት" ሆኗል። ነገ በምን ፊቴ ቢሮ እንደምገባ አላውቅም!

ደግሞ የቀረሁበትን ምክንያት በጽሑፍ አምጪ ተብያለሁ። እስቲ ኮመንት ላይ አግዙኝ፤ ለአባቱ ለማልቀስ አንድ ዓመት የዘገየ ሰው ምን ብሎ ይጽፋል?